የምሳ ሰዓት ሥዕል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ በፍሬም የተሠራ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። የሠራኋቸው ሥራዎች ተዘርዝረውበታል። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ልጆች ብዙ ነገር ዘለዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ ግማሹን ስሠራ እነሱ አልተወለዱም። አንዱን ግን የዘለሉት አውቀው ነው። እኔም ማንም ባነሳብኝ ቁጥር ወሬ እያስቀየርኩ ኖሬያለሁ። አሁን ጊዜ አለኝና ልጻፈው።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ቶማስ እባላለሁ። ዲግሪ የለኝም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንኳ የጨረስኩት በማታ ትምህርት ነው። ሆኖም ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሲጨንቃቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ የሚመጡት ወደ እኔ ነበር። ይህ ጉራ ነው የሚል ካለ አብረውኝ የሠሩትን ይጠይቅ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ከደቡብ መጥቶ ስድስት ልጆች በሸማ አሳደገ። እኔም ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከእሱ ጎን ተቀምጬ መወርወሪያ ወርውሬያለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ግን የሚጠሩት እኔን ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ከፍቼ አየሁት፣ ገባኝ። አንድ ቀን ሽመናውን ልተው ነው ስለው አባቴ ሥራውን ሳያቆም እንዲህ አለኝ።

«ክር ሲበጠስ በዓይንህ ታየዋለህ። እዚያ ሣጥን ውስጥ ምን ታያለህ?»

«አያለሁ» አልኩት። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ቃላት እንደዚያች ያኮራችኝም ያዋረደችኝም የለችም።

ጳውሎስ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ጋሽ ሽብሩ የሚባል ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠራሁ። ስለ ክፍያው አላወራም፤ የሚወራ አልነበረም። ስለ ልማዱ ግን ልናገር። ጋሽ ሽብሩ ሬዲዮ ከመክፈቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ ነበር፤ እንደ ሐኪም። ያገኘውን ብልሽት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ከእሱ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይደክም። «ተሠርቷል» ብሎ አያውቅም። «ወስደው ያዳምጡትና ይንገሩኝ» ነበር የሚለው። በሳምንቱ ባለቤቱ ካልመጣ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል።

አንድ ጊዜ የቁስቋም ሰው ሬዲዮ አመጣ። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ያጓራል አለ። ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ምንም የለውም። «ሰውዬው ጆሮው ነው የታመመው» አልኩ። ጋሽ ሽብሩ ኮቱን ለበሰና ዳገቱን ወጣን። የሰውዬው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ዝም ብሎ ጠበቀ። ስድስት ሲሆን ከጀርባ የጎረቤት ወፍጮ ተነሣ፤ አምፖሉ ደበዘዘ፤ ሬዲዮው አጓራ።

«ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሰዓቱ ነው» አለኝ ስንወርድ። «አንተ ሱቅ ውስጥ ሆነህ ስንት ቀን ብትከፍተው አታገኘውም።»

እሱ ሲሞት ሬዲዮም አብሮት ሞተ፤ ሰው መጠገን ትቶ አዲስ መግዛት ጀመረ። እኔ ወደ ኮምፒውተር ዞርኩ። አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቀጥሎ አንድ የመድኃኒት አስመጪ መጋዘን ውስጥ ሠራሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ «ሬዲዮ ጠጋኝ ፕሮግራም ምን ያደርግለታል?» እያለ በሰው ፊት ይስቅብኝ ነበር። ገጾቹ ከተገነጣጠሉ መጽሐፍ ላይ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማርኩና የመጋዘኑን መዝገብ አዲስ አድርጌ ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። በመጨረሻ፣ እንደ ልጄ ሊቆጠር የሚችል ብሩክ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ባቋቋመው የሶፍትዌር ድርጅት ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

እዚያ ነው ፕሮፋይለርን ያገኘሁት። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የኛ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። መንገድ ዳር ሱቅ የሚከፈትበትን የብረት ቤት ማለቴ አይደለም። ሰርቨር በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚከለል ክፍል ነው። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ይዞ ይገባል፣ ጎረቤቱን አያይም፣ ከተመደበለት ጉልበት በላይ አይወስድም። ፕሮፋይለር ደግሞ እየሠራ ያለን ፕሮግራም ሳያስቆም በሰከንድ መቶ ጊዜ «አሁን ምን ላይ ነህ?» እያለ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። መልሶቹን ሰብስቦ ሥዕል ያወጣል። ፕሮግራሙ ጊዜውን የጨረሰበት ሥራ በሥዕሉ ላይ ሰፊ ሆኖ ይታያል። አባቴ ምን ታያለህ ያለኝን ያን ጊዜ አየሁት።

ችግሩ የኮንቴይነሩ ግድግዳ ነበር። ፕሮፋይለሩ ከውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ እንዳያይ ይከለከላል። ልጆቹ ያገኙት መፍትሔ ለኮንቴይነሩ የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነበር፤ አንድ በር አልከፈት ስላለ ቤቱን ማፍረስ ማለት ነው። እኔ ሌላ ትንሽ ኮንቴይነር ከጎኑ አቆምኩ፤ የጎረቤቱን ሥራ የማየት ፈቃድ ብቻ ሰጠሁት፤ ሌላ ምንም። ፕሮፋይለሩን እዚያ አስቀመጥኩ። ሥዕሎቹንም ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማኅደር እንዲጽፍ አደረግኩ፤ ኮንቴይነር ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይጠፋልና። ፊቱ ሳልቀመጥም በቀን በወሰንኩለት ሰዓት ራሱ ተነሥቶ ሥዕል እንዲያነሳ አደረግኩት። ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ። ብሩክ እንግዳ ሲመጣ ወደ እኔ ጠረጴዛ እያመጣ ያሳይ ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዱ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የላቦራቶሪ ውጤት ከላቦራቶሪው ወደ ሕሙማን ክፍሎች የሚያደርሰውን ፕሮግራም የሠራንለት እኛ ነን። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሰናይት ትባላለች፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማትንቅ ሴት። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ጋሽ ቶማስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሲስተሙ ይሞትብናል።»

«እንዴት ነው የሚሞተው?»

«በቃ ይሞታል። ውጤት ሞልቼ ላክ የሚለውን ስጫን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ይሽከረከራል።»

«ሻዩን ቀንሺ።»

ሳቀች። «ኧረ ጋሼ! ይምጡና እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይዩት።»

«መምጣት የድሮ ነው። እዚሁ ሆኜ ሆድ ዕቃውን አየዋለሁ።»

ፕሮፋይለሩን እንደ ደውል ሰዓት ሞላሁት። የኛ አራት ሰዓት በኮምፒውተር አሥር ሰዓት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥር ከአርባ አምስት ሥዕል አንሣ አልኩት። የሳምንቱን ሥዕሎች ከፍቼ ስመለከት ፕሮግራሙ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንድ ሁለት ቦታ ለነገሩ አስተካከልኩና ደወልኩላት።

«ጨርሻለሁ። ፈጠነ አይደል?»

«እ... ማለቴ... ደህና ነው ጋሼ። እናመሰግናለን።»

አልፈጠነም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ አለመፍጠኑን ያውቁ ነበር። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም እንደ እኔ በሥራው የሚኮራ፣ ጨረስኩ ሲል አልጨረስክም ማለት ከበዳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰናይት ነገሩን እንደገና በጨዋ ቃል ስትነካካው «ኮምፒውተራችሁ ላይ ድራማ አትክፈቱበት» ብዬ ዘጋኋት። ሦስተኛ አልደወለችም። ሲስተሙ ሲቆም ውጤቱን ወረቀት ላይ እየጻፈች ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

አቶ መኮንን የሚባል የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር፤ የቀጨኔ ሰው፣ ሃምሳ ያልሞላው። አንድ ጠዋት ደሙ ተመረመረ። ፖታሲየም የሚባለው ነገር ልብ እስከ ማቆም የሚያደርስ መጠን ላይ ነበር። ሰናይት አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ውጤቱን ሞልታ ላክ የሚለውን ተጫነች፤ ተሽከረከረ። ወደ ሕሙማኑ ክፍል ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ጠበቀች። እንደገና ደወለች። ጽፋ ሮጠች። ስትደርስ የሰውዬው ልብ ቆሞ ሐኪሞች ደረቱ ላይ ነበሩ። አልተነሣም።

ሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። እኔና ብሩክ ተጠራን። ሰናይት በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ዶክተር ጠየቀኝ።

«የሠራተኛዋ ቃል አራት ከአምስት ላይ ልኬ ሲስተሙ ቆመብኝ የሚል ነው። መዝገቡ ግን ውጤቱ አራት ከአርባ ላይ ገባ ይላል። በዚያ ሰዓት ሲስተሙ ቆሞ ነበር?»

ሥዕሉን በቀለም አሳትሜ ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«የዚያኑ ዕለት ነው። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከአርባ አምስት። ይመልከቱ፣ ፕሮግራሙ ምንም ሥራ አልነበረውም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ሲስተሙ አልቆመም።»

ሰናይት ወረቀቱን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። «ጋሽ ቶማስ፣ እኔ እኮ ወንበሩ ላይ ነበርኩ።»

«እኔ ደግሞ ውስጡ ነበርኩ» አልኳት።

ስንወጣ ብሩክ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰናይት ውጤት አዘግይታ በሐሰት ሲስተሙን ከሰሰች ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ የኮሚቴው ውሳኔ ሲነገራት በኮሪደሩ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ባሌን ሻይ እየጠጣሽ የገደልሽ!» ብላ ረገመቻት።

ሁለት ወር አለፈ። በሰናይት ቦታ አቤል የሚባል ወጣት ተተካ። ብሩክ ሄደው ያሠልጥኑት አለኝና ሄድኩ፤ ያን ላቦራቶሪ በእግሬ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። አቤል ወንበሩን ለቀቀልኝ። አንድ ውጤት ሞላሁና ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ተሽከረከረ።

«መጣች» አለ አቤል። «በየቀኑ ናት ጋሼ። እኔ እንኳ አሁን ለምጃታለሁ።»

«በየቀኑ በስንት ሰዓት?»

«ያው አሁን ነዋ፣ አራት ሰዓት።» በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኝ። ልክ አራት ሰዓት ነበር።

ላፕቶፔን ከፍቼ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባሁ። ፕሮፋይለሩ እየሠራ መሆን ነበረበት፤ ተኝቷል። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ኮንቴይነሩን ጠየቅኩት። ሰባት አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ይህንንም ላስረዳ። ሰርቨሮች የሚኖሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የኛ አራት ሰዓት በሌላው ዓለም አቆጣጠር አሥር ነው፤ ለኮንቴይነሩ ግን ሰባት ነው። እኔ አንዱን አቆጣጠር ለወጥኩ፣ ሁለተኛውን ረሳሁ። ኮንቴይነሩ አሥር ሰዓት የሚለው ለኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ላቦራቶሪው ምሳ ላይ ነው፤ ሐኪሙም ነርሱም ምሳ ላይ ነው። ከሦስት ወር በላይ በየቀኑ ያነሳሁት፣ በቀለም ያሳተምኩት፣ ኮሚቴ ፊት የዘረጋሁት የምሳ ሰዓት ሥዕል ነበር። ፕሮግራሙ ለሰው ሲያሳይ ሦስት ሰዓት እንዲጨምር የሚያደርገው መስመር አለ፤ ለዚህ ነው መዝገቡ ትክክለኛ ሰዓት ያሳየው። ያን መስመር የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ፕሮፋይለሩን በእጄ አስነሣሁት። ሥዕሉ ወዲያው ወጣ፤ አንድ ሰፊ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። አራት ሰዓት ላይ ሐኪሞች የሕሙማን ጉብኝት ዙር ጨርሰው ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውጤት ይጠይቃሉ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መዝገቡን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥራል። ለኮንቴይነሩ የተመደበው ጉልበት ያልቅና ይቆማል። ማስተካከሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት!» አለ አቤል፤ ውጤቱ እንደ ጥይት ሲሄድ። በሥራ ዘመኔ የጠላሁት ምስጋና ያ ነው።

ለብሩክ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ማን ጠየቀዎት ጋሼ? ጉዳዩ ተዘግቷል። አስተካክለውታል፣ በቃ።»

«ልጅቷስ?»

«ሽማግሌ እንልካለን። እናባብላታለን። ጥሩ ቦታ እንፈልግላታለን።»

«ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ነው የሚያባብሏት?»

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ፣ በስሜ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ተሳሳትኩ ብዬ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው፤ ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ኮሚቴው «ከፋይሉ ጋር ተያይዟል» አለኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ስንብቱ ተሽሮ ወደ ሥራሽ ተመለሺ የሚል ጥሪ ተጻፈላት። አልተመለሰችም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁስቋም ቤቷ ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተች። ገና አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«እኔ አልላክሁም። ራሴ መጣሁ። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ይኸው ጽፌዋለሁ።»

ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ።

«ሦስት ሰዓት» አለች። «በቃ? ለሦስት ሰዓት ነው?»

«አዎ።»

«ወንበሬ ላይ ይቀመጡ ብዬ ለምኜዎት ነበር።»

«ለምነሽኛል።»

«ሆስፒታሉ ምን አለ ምን ግድ የለኝም ጋሽ ቶማስ። ጳውሎስ አካባቢ ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እየበላሁ ነው። ያቺ ሴትዮ ግን እስከ ዛሬ ባሏን እኔ እንደገደልኩት ነው የምታምነው። ለቅሶ እንኳ መድረስ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ ለሷ ያንብቡላት። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ፤ በጆሮዬ ልስማ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ቀጨኔ ወረድን። መንገድ ላይ አንድ ቃል አላወራችኝም። ወይዘሮ ጽጌ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችና ሰናይትን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። በሩን ሳትዘጋው ብዬ ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ። ሰርቨር፣ ኮንቴይነር፣ ዓለም አቀፍ ሰዓት። ግማሽ ላይ አስቆመችኝ።

«አባቴ፣ አልገባኝም። እንደ ሰው ይንገሩኝ።»

ደብዳቤውን አጠፍኩት። «እሷ ውጤቱን በጊዜው ልካለች። ማሽኑ ነው የያዘው። ማሽኑ አልያዘም ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ያየሁት የሌላ ሰዓት ነበር።»

«የስንት ሰዓት?»

«የምሳ ሰዓት።»

ጎረቤት ልብስ አጥባ እያሰጣች ታየናለች።

«በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ለተጠየቅኩት ሁሉ መልስ ነበረኝ። «አላውቅም» አልኳት።

ወደ ሰናይት ዞረች። «ሮጠሻል?»

«ሮጫለሁ።»

«ስንት ፎቅ ነው?»

«አራት።»

«ስትደርሺ አየሽው?»

ሰናይት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ወይዘሮ ጽጌ እጇን ዘርግታ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደች፤ ከበሩም ፈቀቅ አለች።

«ግቢ» አለቻት። «ምን ይመስል እንደነበር ንገሪኝ።»

ሰናይት ገባች። በሩ ተዘጋ። እኔን ግባ ያለኝ የለም። ከውስጥ መጀመሪያ የአንዷ፣ ቀጥሎ የሁለቱም ልቅሶ ተሰማኝ። የሰው ደጅ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ።